ስድስት ቋጠሮና ሰባት ስም

እትዬ መዲና መሞቷን የነገረኝ የሁሴን ልጅ አህመድ ነው። ከሸዋ ሮቢት ማንጎ ጭኖ ሽቅብ ሲወጣ ደብረ ሲና ላይ ጎማ ተንፍሶበት፣ እስኪጠገን ድረስ ቤቴ ጎራ አለ። የቆላ ሰው ነውና ብርዱን አልቻለውም፤ ጋቢዬን ተከናንቦ ስለ ማንጎው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ልጆቹ ሲያወራኝ ቆየ። ሊነሳ ሲል ነው ነገሩ ትዝ ያለው።

«እማማ መዲናም ሄዱ፤ ሐሙስ ቀበርናቸው» አለኝ። «ዕድሜ ጠግበዋል፣ አልሃምዱሊላህ፤ አልተሰቃዩም። እኔን የገረመኝ ሳጥናቸው ውስጥ ያገኘነው ነገር ነው። በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለች፣ ክንድ የምታህል የጥጥ ክር። ስድስት ቋጠሮ አላት። ልጃቸውም የምን እንደሆነች አታውቅም። ክታብ ነው ያሉም አሉ። እርስዎ ድሮ እዚያ ነበሩና፣ ምን ትሆን?»

«እንጃ» አልኩት።

ዋሸሁት። ያቺን ክር አውቃታለሁ፤ እያንዳንዱ ቋጠሮ ሲቋጠር አጠገቧ ቆሜ ነበር። ስድስት ለምን እንደሆነ፣ ሰባተኛው ለምን እንደሌለም የማውቅ ሰው ዛሬ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ፊት ለፊት አንቱ እንጂ አንቺ ብያት አላውቅም። ብቻዬን ሳስባት ግን «እሷ» ነው የምላት፤ ይህን ያህል ይፈቀድልኝ።

ወደ ሮቢት የወረድኩት ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ድቁና ተምሬ መጻፍ እችል ስለነበር፣ መንገድ ሥራው ላይ የቀን ሠራተኞችን ስም የሚመዘግብ ሰው ይፈለጋል ሲባል ሰምቼ ወረድኩ። ለጣሊያን አደርክ ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ መልሴ አጭር ነው፤ አዎ። ሆዴ ነው ያወረደኝ። ወር ሳይሞላኝ ወባ ያዘኝና፣ ከካምፑ አውጥተው መንገድ ዳር አስተኙኝ። ያነሳኝ ከማል ነው። ከማል ከአገሩ ሽማግሌዎች የአንዱ፣ የሼህ ሰይድ የወንድም ልጅ፣ ሳቂታ ወጣት ገበሬ ነበር። ቤቱ ወስዶ የራሱን አልጋ ለቀቀልኝ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደ እናት አስታመመኝ። ዘመድ ነህ ወይ፣ ሃይማኖትህ ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀኝም። ከዳንኩ በኋላም እሱ ቤት እያደርኩ ወደ ካምፑ ምዝገባ ተመለስኩ።

እትዬ መዲናን ያየኋት ያኔ፣ ከማል ደጅ ጥላ ሥር ተቀምጬ ሳገግም ነው። ቀጠን ያለች፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች መበለት ነበረች። እየሄደችም፣ እያወራችም ጥጥ ትፈትላለች፤ እንዝርቷ ከእጇ አይለይም።

«ደብተራው አንተ ነህ?» አለችኝ።

«ዲያቆን ነኝ።»

«ያው ነው። ተሻለህ?»

«ተሻለኝ። ቆላ ሰው ይገድላል የሚሉት እውነት ነው።»

እንዝርቷን ጭኗ ላይ አስደግፋ አቆመችው። «ማን አለ?»

«ሁሉም ሰው ይላል።»

«መጀመሪያ ማን አለ? የሞተው ሰውዬ ተነስቶ ነው የተናገረ?»

ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ መልስ ትጠብቅ ነበር። ከዚያ እንዝርቷን አሽከርክራ መንገዷን ቀጠለች።

ጠባይዋ ይኸው ነበር። ሁላችንም ነገሩ የደረሰበት ቦታ ላይ ስንከራከር፣ እሷ የተነሳበትን ትፈልጋለች። የወንድሟን ልጅ ሊድሩ ሽማግሌ በተቀመጠ ጊዜ፣ «ዘመኑ ተለውጧል፣ ልጅቷ ራሷ ትምረጥ» ብለው ሁለት ወጣቶች አቀረቡላት። መዲና እንዝርቷን አቆመችና «ሁለቱን ማን መረጣቸው?» አለች። ልጅቷ ከሁለቱም አንዱን እንደማትፈልግ የታወቀው ከዚህ ጥያቄ በኋላ ነው። ስትጠየቅ ኖራለች ለካ፣ ግን ከሁለቱ የትኛውን ነው እንጂ ማንን ተብላ አይደለም። ያገባችው ሦስተኛውን ነው።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ። ከሮቢ ወንዝ የተጠለፈ አንድ ረጅም ቦይ ነበር። ቦዩ የሚነሳበትን ሰፈር ራስጌ፣ የሚያልቅበትን ግርጌ ይሉታል። ራስጌ ያለው ገበሬ ውሃው ደጁ ነው፤ ጥላ አለው፣ መንገዱም ይቀርበዋል። ግርጌ ያለው ማሽላው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። መዲና ከግርጌ ነበረች። ውሃውን በተራ የሚያድል፣ ቦይ የሰበረውን የሚቀጣ አንድ ሰው በየሁለት ዓመቱ ይመረጣል፤ የውሃ አባት ይባላል። አመራረጡ እንዲህ ነው። የራስጌ ሽማግሌዎች ተመካክረው ሁለት ሰው ያቀርባሉ። ከዚያ የቦዩ ሰው ሁሉ ቦዩ መሃል ካለው የሁመር ዛፍ ሥር ይሰበሰባል። ሁለት ትልልቅ ቅል ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ቤት ወደሚፈልገው ሰው ቅል አንድ ጠጠር ይጥላል። ከራስጌም አንድ ጠጠር፣ ከግርጌም አንድ ጠጠር ነው። ባሏ የሞተባት ሴትም በባሏ ፈንታ ትጥላለች። በዚህ ይኮሩ ነበር፤ እኔም ሳየው አኮራኝ። ሁለቱም ዕጩዎች ሁልጊዜ የራስጌ ሰዎች መሆናቸውን ልብ ያለው ሰው ግን ጥቂት ነው።

በቀደም በሬዲዮ ስለ አንድ ሩቅ አገር ሲወራ ሰማሁ። ፓርቲዎች ለፕሬዚዳንትነት አንዳንድ ዕጩ ያቀርባሉ፣ ሕዝቡ ከቀረቡለት ይመርጣል። ጋዜጠኛው ስለ ድምፅ ቆጠራው ጥራት ብዙ አወራ። ዕጩዎቹን ማን እንዳቀረባቸው፣ ማን ተጠይቆ ማን እንደታለፈ ግን አንድም ነገር አልተነፈሰም። እኔም «መጀመሪያ ማን አለ?» ብዬ ሬዲዮኑን ጠየቅኩት። ባለቤቴ ከጓዳ «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለችኝ። ከመዲና ጋር ነበር።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀጠነ፤ ወንዙም ጎደለ። በዚያ ላይ የጣሊያን ካምፕ ለአትክልቱና ለሠራተኛው ብሎ ከቦዩ ራስ ውሃ ይወስድ ጀመር። የውሃ አባት የሚመረጥበት ጊዜ ደርሶ ነበር፤ ማን ቢመረጥ የማን ማሽላ እንደሚተርፍ፣ የማን ልጆች እንደሚራቡ ሁሉም ያውቃል። የካምፑ አዛዥ፣ ካፒቴኑ፣ የራስጌ ሽማግሌዎች ልጆች ተራራው ላይ ከአርበኞች ጋር ናቸው የሚል ወሬ ሰምቷል። ስለዚህ በአስተርጓሚ አስጠርቶ እንዲህ አላቸው፦ ልማዳችሁን አልነካም፤ ጠጠራችሁን ትጥላላችሁ፤ ሁለቱን ሰው ግን የማቀርብላችሁ እኔ ነኝ።

በማግስቱ ሁመሩ ሥር ስብሰባ ሆነ። የሽማግሌዎቹ አንጋፋ ሼህ ሰይድ፣ ቃሉ የሚከበር፣ ሐቀኛ ሰው ነበር። ብስጭት ድምፁን አሻክሮታል።

«ይሄ ምርጫ ነው?» አለ። «ሁለቱን ሰው ካፒቴኑ ይዞ መጥቶ፣ እኛ ጠጠር ብንጥል ምን ትርጉም አለው? ሁለቱም የካፒቴኑ ሰዎች ናቸው። ማንም ይመረጥ ማን፣ የመረጠው ካፒቴኑ ነው።»

ሰዉ «ወላሂ እውነት ነው» እያለ አጉረመረመ። መዲና ከሴቶቹ ጋር ጥግ ላይ ተቀምጣለች። እንዝርቷ ቆመ።

«ሼህ ሰይድ፣ ዐፉ ይበሉኝና፣ አሁን ያሉትን አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ» አለች።

«የቱን?»

«ያሉትን እንዳለ ነው። ብቻ ‹ካፒቴኑ› ባሉበት ቦታ ላይ ‹ራስጌ› እያሉ ይድገሙልኝ።»

ሰውየው አፉን ከፈተ። «ሁለቱን ሰው ራስጌ...» ብሎ ቆመ። ከግርጌ ሰዎች አንዱ ሳቁ አምልጦት በሳል ሸፈነው። ሼህ ሰይድ ከዘራውን አንስቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ።

ከሰዓት በኋላ መዲና እኔን አስጠርታኝ ደጇ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ሼህ ሰይድ ብቻውን መጣ። ግርጌ ድረስ በእግሩ ሲመጣ ያዩት ጎረቤቶች እየወጡ ያዩት ነበር። ከግንድ ላይ ተቀምጦ ላቡን ጠረገ።

«የሰደብሽኝ መስሎኝ ተቆጥቼ ነበር» አላት። «ቤቴ ስደርስ ግን፣ እስቲ ከግርጌ ለውሃ አባትነት የሚሆን ሰው ላስብ አልኩ። አቃተኝ መዲና። የሉም ብዬ አይደለም፤ አላውቃቸውም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ውሃ ስንጠጣ ሰላምታቸውን እንጂ ሌላ ነገር አላውቅም።»

መዲና ይህን ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እንግዲያው ካፒቴኑስ ማንን ያውቃል?» አለችው። «ሦስት ወሩ ነው ከመጣ። ስሞቹን ከየት ያመጣል?»

ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። ካፒቴኑ በጠዋት ጠርቶኝ፣ በቦዩ ዳር ካሉት ብርቱ ብርቱዎቹን ጽፈህ አምጣ፣ ከነሱ ሁለቱን እመርጣለሁ ብሎኛል። አምስት ስም ጽፌ ጨርሼ ነበር።

«ከእኔ ነው የሚያመጣው» አልኩ።

መዲና እንዝርቷን አቆመች። «አንብበው እስቲ።»

አነበብኩ። ሼህ ሰይድ ገና ሳልጨርስ አንገቱን ደፋ፤ አምስቱም የራስጌ ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ከማል ነው።

«እንዴት አድርገህ መረጥካቸው?» አለችኝ።

«አልመረጥኳቸውም። የማውቃቸውን ሰዎች ነው የጻፍኩ።»

ማንንም ለመበደል አስቤ አልነበረም። ቤታቸው በልቻለሁ፤ ጥላቸው ሥር ተቀምጫለሁ። ብርቱ ሰው ጻፍ ስባል ፊታቸው የመጣልኝ እነሱ ናቸው። እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይኸው ነው፤ ከእኛ ከሦስታችን አንዳችንም ክፉ አልነበርንም፣ ቦዩ ግን በእኔና በሼህ ሰይድ እጅ ለግርጌ ደርቆ ሊቀር ነበር።

መዲና አልተቆጣችኝም። «የማታውቃቸውን ነገ ታውቃቸዋለህ» አለችኝና ሥርዓቱን እዚያው አወጣችው። ቤት ለቤት ሄደን እንጠይቃለን። እያንዳንዱ ቤት አንድ ሰው ይሰይማል፣ ከገዛ ቤቱ ያልሆነ። ካፒቴኑ ሁለቱን ያንሳ፤ የሚያነሳው ግን ሁላችንም ከሰየምናቸው ይሆናል። የምንጀምረው ከግርጌ ነው።

«ለምን ከግርጌ?» አለ ሼህ ሰይድ።

«ከራስጌ ከጀመርን ግርጌ ስንደርስ ሰዉ ‹እነሱ ማንን አሉ?› ብሎ ነው የሚጠይቀን። ከዚያ ፈርቶ እሱኑ ይደግማል።» ወደ እኔ ዞረች። «አንድ ነገር ደግሞ። የሚጽፍ ሰው አይሰይምም። ብዕሩ በእጅህ ነው፤ እሱ ይበቃሃል።»

በማግስቱ ከማለዳ ጀምሮ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ በዚያ ፀሐይ ሄድን። እኔ ወረቀት ይዣለሁ። እሷ ማንበብ ስለማትችል ከፈትሏ አንድ ክር በጠሰች፤ አዲስ ስም በተጠራ ቁጥር አንድ ትቋጥራለች። ቦዩ የሚያልቅበት ቦታ ውሃው መንገድ ላይ ሰምጦ ይቀራል፤ መሬቱ ተሰነጣጥቆ እግሬን ሊውጠው ይደርሳል። የመጨረሻው ቤት ውስጥ ዓይናቸው የጠፋ ሽማግሌ ነበሩ። ወረቀት የያዘ ሰው መጥቷል ሲባሉ «ልትጠይቁኝ ነው ወይስ ልትነግሩኝ?» አሉ። ልንጠይቅዎት ነው ስትላቸው ልጃቸውን ጠርተው ንጹሕ ልብሳቸውን አስመጥተው ለበሱና ነው ስም የተናገሩት። እኔ የሰው ስም ለመናገር ብሎ ልብስ የሚለውጥ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

የመዲና ተራ ሲደርስ ወንድሟን ትሰይማለች ብዬ ጠበቅኩ። «ሁሴን» አለች።

ብዕሬን ከወረቀቱ አነሳሁ። ከሁለት ዓመት በፊት የመዲናን ተራ ውሃ ቦይ ሰብሮ ወደ ራሱ የማሾ ማሳ የመለሰ፣ ማሽላዋን ያደረቀባት ጎረቤቷ ሁሴን ነው። ነገሩን አገር ያውቀዋል።

«ጻፍ እንጂ» አለችኝ።

«እትዬ መዲና፣ ይሄ ሰው እኮ ውሃዎትን ሰርቆ...»

«ሰርቆኛል። ሌላው ሰው ሲሰርቀኝ ‹ቦዩን አይጥ በስቶት ነው› ነው የሚለኝ። ሁሴንን ሄጄ ‹ማሽላዬን ያደረቅከው አንተ ነህ?› ስለው፣ ‹አዎ እኔ ነኝ› አለኝ። አልካደኝም። ውሃ በየት በየት በኩል እንደሚሰረቅም ከሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።» ክሯን ቋጠረች።

ሁሴንን የሰየመችው እሷ ብቻ እንዳልነበረች ማታ ማታ ሳስበው ደስ ይለኛል፤ ከመሃል ቦይም አራት ቤት ስሙን ጠርቷል። ራስጌ ስንደርስ አምስት ቋጠሮ ሆኖ ነበር። መጨረሻ የጠየቅነው ሼህ ሰይድን ነው። ሲያመነታ አይቼ፣ ሥርዓቱን ዘንግቼ «ከማልስ?» አልኩት። መዲና ዞር ብላ አየችኝ።

«ከማል እንደ ልጄ ነው፤ ልቡ ወተት ነው» አለ ሼህ ሰይድ። «ግን ሰው እምቢ ማለት አይሆንለትም። ካፒቴኑ ውሃውን ሁሉ ወደ ካምፑ መልስልኝ ቢለው፣ እሺ ጌታዬ ብሎ ይመልስለታል።» ሌላ ሰው ሰየመ። ስድስተኛው ቋጠሮ የሱ ነው። ከማልን ከቦዩ ራስ እስከ ጭራ አንድም ቤት አልጠራውም።

በማግስቱ ጠዋት ከማል ቤት ተቀምጬ ስሞቹን በንጹሕ ወረቀት ላይ ገለበጥኩ። ከማል ወተት ይዞልኝ ገባ። «የኔም ስም አለ?» አለኝ እየሳቀ። ቀልድ ነበር። ወይም ቀልድ አስመስሎት ነበር፤ አላውቅም። መልስ ሳይጠብቅ ወጣ። የተኛሁበትን አልጋ አየሁት። እሱ መሬት ላይ ተኝቶ እኔን ሲያላብስ የነበረበትን ሌሊት ሁሉ አስታወስኩ። ካፒቴኑ ሌሎቹን ነው የሚያነሳው፣ ከማል ስሙ ሲጠራ ሰምቶ ደስ ቢለው ምን ይጎዳል አልኩ። ሰባተኛ ብዬ ጻፍኩት።

ካፒቴኑ ሁመሩ ሥር መጣ። አስተርጓሚው ወረቀቱን ተቀብሎ ስሞቹን ጮክ ብሎ አነበበ፤ የተጠራው ሰው ይነሳል። መዲና ክሯን በጣቶቿ መሃል ይዛ፣ አንድ ስም ሲጠራ አንድ ቋጠሮ ታሳልፋለች። ስድስት ተጠራ፣ ስድስት አለፈ። «ከማል» ሲል ጣቶቿ ባዶ ክር ላይ ቀሩ። ቀና ብላ አየችኝ። ሌላው ሰው ሌላው ቤት የሰየመው መስሎታል፤ የሁሉንም ቤት መልስ የምናውቅ እኔና እሷ ብቻ ነን። ሼህ ሰይድም ማን እንደሰየመው የሚጠይቀው ሰው አጥቶ ወዲያና ወዲህ ይመለከት ነበር።

ከማል ተነስቶ ለካፒቴኑ እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጠ። ካፒቴኑ ሳቀና መጀመሪያ ያነሳው እሱን ሆነ። ሁለተኛ፣ ትከሻው ሰፊ ነው ብሎ ይመስለኛል፣ ሁሴንን አነሳ።

መዲና እንድትጮህ ጠብቄ ነበር። አፏን ብትከፍት ካፒቴኑ ወረቀቱን ቀዶ ራሱ እንደሚሾም ገባት፤ ተነስታ ጠጠሯን ጣለች። ከዚያ ሰዉ ተራ በተራ ይጥል ጀመር። ቅሉ ውስጥ ጠጠር በጠጠር ላይ ሲወድቅ በሰማሁ ቁጥር እነዚያ ዓይነ ሥውር ሽማግሌ ልብሳቸውን ሲለብሱ ይታየኝ ነበር። ከማልን የማይወደው ሰው የለም፤ የራስጌው ብዙ ሰው ለሱ ጣለ። እኔ ባላደርገው ኖሮ የማይኖር ምርጫ ነበር፣ የግርጌ ማሽላም የተንጠለጠለው በእሱ ላይ ነበር።

ሁሴን በሦስት ጠጠር በለጠ።

ሁሴን የውሃ አባት ሆኖ ውሃውን ከግርጌ ጀመረ። የሚሰረቅባቸውን ቦታዎች ሁሉ ራሱ ደፈናቸው፤ ሁለቱ የራሱ ነበሩ ይባላል። ካምፑም እንደ ሰው ተራ ይያዝ ብሎ ለካፒቴኑ ላከበት። ሁለት ቀን አሰሩት። ቦዩን የሚያውቅለት ሌላ ሰው ሲያጡ ፈቱት፤ ካምፑም ተራ ያዘ። በዚያ ዓመት የግርጌ ማሽላ አፈራ። የመዲናም አፈራ።

አዝመራው ሲሰበሰብ ነው የጠራችኝ። ደጇ ላይ ተቀምጣ ትፈትል ነበር። ክሯ ጭኗ ላይ ተጋድማለች።

«ሰባተኛውን መጀመሪያ ማን አለ?» አለችኝ። እንዝርቱ ቆሟል።

ብዙ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። «እኔ ነኝ» አልኳት።

«ለምን?»

«ታምሜ አስታሞኛል።»

«ደግ ምክንያት ነው» አለች። «ክፉ ምክንያት ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ባል የሞተባት ሴት ነኝ፣ አንድ ማሳ ነው ያለኝ፤ ለደግነትህ ዋጋ እሱን ልትከፍልብኝ ነበር።»

እንባዬ መጣ። እሷ እንዝርቷን አሽከረከረች።

«ሁሴንም አልካደኝም፣ አንተም አልካድከኝም» አለች። «ለእኔ ይሄ ይበቃኛል። ጠጠር የጣሉት ግን እነሱ ናቸው፤ እነሱ አያውቁም። እኔ አልነግርብህም። አንተ ራስህ ንገራቸው።»

«እሺ» አልኩ።

በሁለት ዓመቱ ምርጫው እንደገና መጣ። ሁመሩ ሥር ቆሜ ስሞቹን አነበብኩ፤ ያን ጊዜ ከቋጠሮው አንድ የበለጠ አንድ የጎደለ አልነበረም። አንብቤ ስጨርስ መዲና እንዝርቷን አቁማ ትጠብቀኝ ነበር። ከማል ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ይስቃል። ሁሴን አለ፣ ሼህ ሰይድ አለ። ወረቀቱን አጥፌ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ እንዝርቷ መሽከርከር ጀመረ።

ጣሊያን ሲወጣ እኔም ወደ ደብረ ሲና ወጥቼ ጸሐፊነት ተቀጠርኩ፤ ጡረታ እስክወጣ ሌላ ሥራ አልሠራሁም። መዲና ጥጥ ልትሸጥ ገበያ ስትወጣ አልፎ አልፎ እንገናኝ ነበር። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ ትጠይቀኛለች። ያንን ነገር አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። ልንለያይ ስንል ብቻ እንዝርቷን ታቆምና ጥቂት ትቆያለች። ከዚያ «በል ደህና ሁን ደብተራው» ትለኛለች። ያን ያህል ዓመት ጠበቀችኝ ማለት ነው።

ከማል ከሞተ ቆይቷል፤ በገዛ ሕዝቤ ታጭቼ ነበር ብሎ እያሰበ ነው የሞተው። ሁሴንም፣ ሼህ ሰይድም የሉም። አህመድ ሊሄድ ሲል፣ የውሃ አባት አሁንም በጠጠር ነው የምትመርጡት ወይ አልኩት። «አዎ» አለኝ፣ «ስም ማሰባሰቡም ከግርጌ ነው የሚጀመረው። ለምን እንደሆነ ባናውቅም ድሮም እንደዚያ ነው።»

ቅዳሜ ወደ ሮቢት እወርዳለሁ፤ ይህን የጻፍኩትን ወረቀት ይዤ። ጉልበቴ ሁመሩ ድረስ ካደረሰኝ እዚያው አነበዋለሁ፤ ካላደረሰኝ አህመድ ያነብልኛል። ያቺ ክር ክታብ አይደለችም። የቦዩ ሰው ሁሉ ቤቱ ድረስ ተሄዶ ተጠይቆ የሰየማቸው ስድስት ሰዎች ናት። ሰባተኛውን ስም መጀመሪያ ያልኩት እኔ ነኝ።